የለንደን ሰማይ ቃፊሮች

ሃውንስሎ ውስጥ መንጋቱን የምናውቀው በአውሮፕላን ድምፅ ነው፤ ሂትሮው ከደጃችን ነው። የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ክንድ የማትሞላ አንቴና አቁሜያለሁ። አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርትዝ የሚለቁትን መልእክት ትለቅማለች፤ የለቀመችው እንደ እኔ በፈቃዳቸው አንቴና ካቆሙ ሰዎች መረጃ ጋር ተደምሮ ካርታ ላይ ይወጣል። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ሌሊት አንዲት ትንሽ ምልክት ሜዲትራኒያንን ስትሻገር እያየሁ ሳልተኛ አነጋሁ።

አውሮፕላንን ከመሬት ሆኖ መከታተል እዚህ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1917 ጎታ የተባሉት የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በጠራራ ፀሐይ ደብድበው 162 ሰው ገደሉ። 18ቱ ፖፕላር በሚገኝ ትምህርት ቤት የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋን አየር መከላከያ የተረከበው ጄኔራል ኤድዋርድ አሽሞር የቃፊሮችን ዓይን በስልክ ከአንድ የካርታ ክፍል ጋር አገናኘ። በ1925 የቃፊሮቹ ጓድ፣ ኦብዘርቨር ኮር፣ ተቋቋመ።

በ1940 ራዳሩ የሚያየው ወደ ባሕር ብቻ ነበር። ጠላት የባሕሩን ዳርቻ ካለፈ በኋላ የሚከታተለው 30,000 ያህል ሰው ነው፤ ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ ጸሐፊው፣ በ1,000 ገደማ ጣቢያዎች ላይ በፈረቃ እየቆመ። መሣሪያቸውን በሥዕል አይቼዋለሁ። በሦስት እግር የቆመ ክብ ጠረጴዛ ላይ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ካርታ ተዘርግቷል፤ ከላዩ ማነጣጠሪያ አለ። ቃፊሩ ከፍታውን በግምት ይሞላል፣ አውሮፕላኑን ያነጣጥራል፣ የመሣሪያው ጫፍ ቦታውን ካርታው ላይ ያሳያል። ግምቱ ከተሳተ ግን ቦታውም ይሳታል። ስለዚህ ሁለት ጣቢያዎች አንዱን አውሮፕላን ሲያዩ መስመራቸው ይነጻጸርና ከፍታው ይታረማል። ደመና ሲሆን ደግሞ ጆሮ ብቻ ይቀራል።

በ1941 ጓዱ «ሮያል» የሚል ማዕረግ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ሴቶችም ገቡበት። በ1990ዎቹ ተበተነ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የሁለቱ ጣቢያዎች ነገር ነው። ዛሬም ቦታቸውን የማይናገሩ አውሮፕላኖች አሉ። እነሱን ለማግኘት ቢያንስ አራት አንቴናዎች አንዱን ምልክት መስማት አለባቸው፤ ቦታው የሚሰላው ምልክቱ ለእያንዳንዳቸው በደረሰበት የሽርፍራፊ ሰከንድ ልዩነት ነው። የእኔዋ ብቻዋን እንዲህ ያለው አውሮፕላን መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አታውቅም። ሦስቱን የሚያሟሉልኝ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው የሰፈሬ ሰዎች ናቸው።

የጓዱ አባላት የአውሮፕላን ዓይነት የሚለዩት ጥቁር የጥላ ሥዕል እያጠኑ ነበር። እናቴ ሥዕልም ስክሪንም አልፈለገችም። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ባለ አራት ሞተሩ መጣ» አለችኝ። ሮጬ ስክሪኑን አየሁ፤ ኤርባስ 380 ነበር።