ስም የለሽ ትእዛዝ

የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍጥነትና ስለ ብልሃት ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሙግቱ ነው። ከእነዚህ ሙግቶች አንዱ በፓይተን ቋንቋ የተካሄደው ነው።

ነገሩን በቀላሉ እንየው። ልጅ ገበያ ስንልክ ገንዘብ ብቻ አናስይዘውም። «ቲማቲም ከረከሰ ሁለት ኪሎ፣ ከተወደደ አንድ ኪሎ ግዛ» ብለን ትእዛዝም እንሰጠዋለን። በፕሮግራምም አንዱ ክፍል ለሌላው ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የሚፈጸም ትእዛዝም ያቀብላል። ለመሆኑ ይህ ትእዛዝ አስቀድሞ ስም ወጥቶለት በስሙ ይጠራ? ወይስ ያለ ስም እዚያው ይጻፍ?

ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን አምስተርዳም ውስጥ መሥራት የጀመረው በ1989 መጨረሻ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቋንቋው አብረው የሚሄዱ ትእዛዞችን የሚለየው በቅንፍ ሳይሆን መስመሮቹን ከጠርዝ ገባ አድርጎ በመጻፍ ነው። በ1994 ስም የለሽ ትእዛዝ መጻፊያ የሆነችው ላምብዳ ገባች። ስሟ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ከተጠቀመበት የግሪክ ፊደል የመጣ ነው። ሆኖም ከአንድ ስሌት በላይ አትሸከምም። በ1995 ለሕዝብ የቀረበው የጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ ቋንቋ ሩቢ ግን ብዙ መስመር ያለውን ትእዛዝ ያለ ስም ያቀብላል። «ታዲያ ፓይተን ለምን ይቅርበት?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ።

ጊዶ በ2005 ጭራሽ ላምብዳን ላስወግዳት ብሎ ተነሣ። ተቃውሞው በረታ። በ2006 እንድትቆይ ፈቀደ፤ ብዙ መስመር ትሸከም የሚለውን ግን አልተቀበለም። በስሌት መካከል ገባ ገባ ያሉ መስመሮችን መሰንቀር ለቋንቋው ጠባይ አይስማማም፤ ትእዛዙ ከረዘመ ስም ይውጣለት አለ። ተከራካሪዎቹም መልስ ነበራቸው፤ አንዴ ብቻ ለምትፈጸም ትእዛዝ ስም መፈለግ ድካም ነው፤ አንባቢውም ትርጉሟን ፍለጋ ወደ ላይ መመለስ ይኖርበታል።

በበኩሌ ሁለቱም ወገን እውነት አለው እላለሁ። የሙግቱ ሥር ድካሙን ማን ይሸከም የሚለው ነው፤ ጸሐፊው ወይስ አንባቢው? ፕሮግራም አንዴ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ጊዶ ለአንባቢው ማድላቱ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ይሁንና የብቻ ዳኝነት ያደክማል። በ2018 በሌላ ምልክት፣ ሁለት ነጥብን ከእኩል ይሆናል ምልክት ጋር ባጣመረ አጻጻፍ ላይ፣ ብርቱ ጭቅጭቅ ተነሣ። ጊዶ ምልክቱን አጽድቆ በሐምሌ ከመጨረሻ ወሳኝነቱ ወረደ። ከ2019 ጀምሮ ውሳኔው አምስት አባላት ባሉት ተመራጭ ጉባኤ እጅ ነው። ዳኛው ተለወጠ፤ ላምብዳ ግን ዛሬም አንድ ስሌት ብቻ ትይዛለች።