ቤዝመንቱ ለምን ይረጥባል? አሮጌ ቤት ለገዛን የአትላንታ ነዋሪዎች



በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ሳይሆን ጥፋቴን ለመናዘዝ ነው። ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ቤት ስገዛ የቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አይቼ ነበር። ውኃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም ቀባሁበት፤ ወለሉን ምንጣፍ አለበስኩት፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣም አልጋዋን እዚያው ዘረጋሁላት። በሁለተኛው ወር ሳል ያዛት። «ልጄ፣ ይህ ክፍል ውኃ የገባበት ጎተራ ይሸታል» አለችኝ። ምንጣፉን ብገልጠው ከሥሩ ሻጋታ ሆኗል። ነጩ ዱቄት ለካ ጨው ኖሯል፤ ውኃ ከአፈሩ በግድግዳው አልፎ ሲተን ትቶት የሚሄደው። ቀለሙም ውኃውን ከማቆም ይልቅ ራሱ ተላጠ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

1ኛ. ውኃው ከየት ይመጣል?

አትላንታ በዓመት በአማካይ 50 ኢንች (1,270 ሚሊ ሜትር) ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ በዝናቧ ከምትታወቀው ሲያትል ትበልጣለች። እንደ አገራችን ክረምት በጥቂት ወራት የሚያበቃ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ዝናብ ነው። ቀዩ ሸክላ አፈር ደግሞ ውኃን ቶሎ አያሳልፍም። 1,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ቢጥል 620 ጋሎን ገደማ፣ ማለትም ከ2,300 ሊትር በላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በቤቱ ጥግ ከፈሰሰ መሠረቱን ተጭኖ ስንጥቅ መፈለጉ አይቀርም።

2ኛ. ከመሬት ነው ወይስ ከአየር?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የወጥ ቤት ፎይል ቆርጣችሁ ግድግዳውና ወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልከቱት። ከሥሩ ከረጠበ እርጥበቱ ከመሬት ነው። ከላዩ ከረጠበ ከቤቱ አየር ነው። መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

3ኛ. ከውጭ እንጀምር

አሸንዳውን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ የጥድ ቅጠል ያለበት ግቢ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የመውረጃውን ቱቦ ከቤቱ 6 ጫማ ያህል አርቁት። መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ እንዲል አፈር ሙሉ። መቆፈር ካለባችሁ አስቀድማችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመሮችን መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል።

4ኛ. መስኮት የመክፈት ልማዳችን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲታፈን መስኮት እንከፍታለን፤ ትክክልም ነው። አትላንታ ውስጥ በሐምሌ ይህን ብናደርግ ግን እርጥቡን አየር ጋብዘን እናስገባለን። አየሩ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። በበጋ መስኮቱን ዘግታችሁ ዲሂሚዲፋየር አሠሩ፤ ውኃውም በጎማ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ግዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል።

የእንጀራ ምጣዱን ነገር አልረሳሁም። ሽታው ቤት እንዳይገባ ብለን ቤዝመንት እናወርደዋለን፤ እንፋሎቱ ግን እዚያው ይቀራል። እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን ከሌለ ምጣዱን ጋራዥ አድርጉት፤ በሩንም ክፈቱለት።

5ኛ. ከአቅም በላይ ሲሆን

ግድግዳው ወደ ውስጥ ከጎበጠ ወይም አግድም ከተሰነጠቀ ጥገና የሚሸጥላችሁን ሳይሆን ገለልተኛ የስትራክቸር መሐንዲስ አስቀድማችሁ ጥሩ። ውኃ ከገባ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ አድርቁ፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 አትላንታና አካባቢዋ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ እንደታየው ደግሞ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። በመንግሥት ፕሮግራም የሚሸጠው የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ለቤዝመንት የሚከፍለውም ውስን ነው። ደመና አይቶ የሚገዛ አይጠቀምም።

ቤት ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ከዝናብ ማግስት ሂዱና ቤዝመንቱን አሽትቱ። አዲስ ቀለም የተቀባ የቤዝመንት ግድግዳ ካያችሁ «ለምን ተቀባ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ምንጣፉን ጣልኩ፤ አሸንዳውን አስተካከልኩ፤ አፈር ሞላሁ። ወጪው ለቀለሙና ለምንጣፉ ካወጣሁት ያነሰ ነበር። መለኪያው አሁን 48 ያሳያል። እናቴ በድጋሚ ስትመጣ ግን አልጋዋን ፎቅ ላይ አደረግሁት፤ በመለኪያው ሳልተማመን ቀርቼ ሳይሆን እሷን አንድ ጊዜ ስላሳልኳት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ወጥታችሁ አሸንዳችሁን እዩ። ቸር እንሰንብት።