የተሰረቁት ትናንሽ ባቡሮች

ባቡር ይሰረቃል ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ ባቡር ግን ይሰረቃል። ዓመቶቹን የምንነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በደቡብ ጀርመን ጎፒንገን የምትባል ከተማ አለች። በ1859 ቴዎዶር ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ በዚያ ለሕፃናት መጫወቻ የሚሆኑ ትናንሽ የማድቤት ዕቃዎች መሥራት ጀመረ። በ1866 ሲሞት ሥራው እንዳይዘጋ ያደረገችው ሚስቱ ካሮሊን ነች። ዕቃውን ይዛ እየዞረች ትሸጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ለሴት ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ! በ1891 ኩባንያው ላይፕሲግ ከተማ በተደረገው የንግድ ትርኢት ላይ በሐዲድ የሚሄድ፣ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባቡር አቀረበ። ሐዲዱ ልኩ የተወሰነ ስለሆነ፣ ዛሬ የተገዛው ነገ ከሚገዛው ጋር ይቀጠላል።

በጥር 2005 ሌቦች ሌሊት የኩባንያውን ሙዚየም ሰብረው ገቡ። የወሰዱት ሁሉ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተገመተ። ለሙከራ አንድ አንድ ብቻ ተሠርተው የቀሩም ነበሩበት። እነዚህ ቢሰባበሩ መተኪያ የላቸውም። ልብ በሉ፤ ዋጋቸውን የሰቀለው አምሳያ ማጣታቸው ነው፤ ገዢ የሚያሳጣቸውም ይኸው ነው። ሰብሳቢው ሁሉ ያውቃቸዋላ! ታዲያ የት ወስደው ይሸጧቸዋል? በመጋቢት ተገኙ።