ከመርካቶ እስከ ገጠር ትምህርት ቤት፦ የጉራጌ ተወላጆች የራስ አገዝ ልማት

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ገበያ ነው። ከጉራጌ ገጠር የመጡ በርካታ ወጣቶች በሊስትሮነትና በሱቅ በደረቴ ጀምረው ነጋዴ ሆነውበታል።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የትውልድ አካባቢያቸውን መንገድ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ። ይህም በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተባለ።

መንገዱ የቀደመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በክረምት ጭቃና የወንዝ ሙላት ወደ ተቆራረጠ መንደር ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ መጽሐፍና መምህር ማድረስ አዳጋች ነው። መንገዱ ሲከፈት የትምህርት ቤትና የጤና ተቋም ግንባታ ተከተለ።

የሥራው መሠረት መዋጮ ነው። የከተማው ተወላጅ በየትውልድ አካባቢው ተሰባስቦ ገንዘብ ያዋጣል፤ አርሶ አደሩም ጉልበቱን ያክላል። ነጋዴው ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀየው ሲመለስ የመንደሩን ችግር በዓይኑ አይቶ ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራል።

ሕንፃ በመዋጮ ቢቆምም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርና በጀት የሚመደብለት ከመንግሥት ነው። ስለዚህ የሕዝቡ ጥረት ፍሬ የሚያፈራው ሁለቱ ሲደጋገፉና ሕፃናቱም ለሥራ ፍለጋ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ሲቀሩ ነው።