የመርከብ ሽርሽር የጉዞ ሰነዶች

የመርከብ ሽርሽር (ክሩዝ) የጉዞ ሰነዶች መንገደኛ ሲሳፈር፣ በየወደቡ ሲወርድና ወደ ተነሣበት አገር ሲመለስ የሚጠየቃቸው ፓስፖርት፣ ቪዛና መታወቂያዎች ናቸው።

በአሜሪካ ከግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009) ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ፣ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ለምሳሌ በካሪቢያን ወይም በሜክሲኮ ዞሮ እዚያው ወደብ በሚመለስ መርከብ የሚጓዝ አሜሪካዊ ዜጋ ያለ ፓስፖርት ሊመለስ ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀትና መንግሥት የሰጠው ባለፎቶ መታወቂያ ይበቃዋል፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቱ ብቻ በቂ ነው። መርከቡ የሚያርፍባቸው አገሮች ግን በራሳቸው ሕግ ፓስፖርት ሊጠይቁ ይችላሉ። መርከብ ያመለጠው ወይም ታሞ በመንገድ የቀረ ሰውም በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ፈቃዱ የሚጠቅመው ጉዞው እንደታሰበው ካለቀ ነው። የአሜሪካ የፓስፖርት ካርድም ለየብስና ለባሕር እንጂ ለዓለም አቀፍ በረራ አያገለግልም።

ዜግነት ያልወሰዱ የግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ወደ አሜሪካ የሚመለሱት በግሪን ካርዳቸው ነው። በየወደቡ ግን የሚታየው የያዙት ፓስፖርት ነው። ሜክሲኮ ለአሜሪካ ቋሚ ነዋሪዎች ቪዛ አትጠይቅም፤ ሌሎች አገሮች ሊጠይቁ ይችላሉ።

ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። የሸንገን አገሮች ደግሞ ከመውጫው ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረውና ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ከባርሴሎና ተነሥቶ ሞሮኮ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን ክልል ስለሚወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለመመለሻ አይሆንም።