«ቲቸር፣ ሽጉጥ የት ነው የሚገዛው?»

ኔትወርክ ስትመጣ ስትሄድ ሰንብታ ዛሬ ረጋ ስላለች፣ ሰሞኑን ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ግን ታሪክ ላይ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነበር። ዐረብ አገር ሠርቶ ትንሽ ብር ይዞ ተመልሷል። መልእክቱ አጭር ነው፦ «ቲቸር፣ የመጀመሪያ ሽጉጤን ልገዛ ነው። ደህና ሱቅ የት ይገኛል? መለማመጃ ቦታስ በእኛ አካባቢ አለ? ያውቃሉ ብዬ ነው።» ከሥሩ አንድ ቪዲዮ አያይዟል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ሱቅ ይገባል፣ መታወቂያ ያሳያል፣ በመስታወት ውስጥ ከተደረደሩት አንዱን ይመርጣል፣ ከዚያ ጆሮው ላይ መሸፈኛ አድርጎ ወረቀት ላይ የተሳለ ኢላማ ይተኩሳል። አለቀ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ልጁ የሚቀልድ አይደለም። መንገዱን እናውቀዋለን፤ እገታውንም እናውቀዋለን። ከዐረብ አገር የመጣ ሰው ብር አለው ተብሎ ይጠረጠራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ በአንድ «ተው» የሚዘጋ ጥያቄ አይደለም።

ቀላሉን ልመልስ። ወንድሜ፣ ሱቅ የለም። ወግዲም የለም፣ መካነ ሰላምም የለም፣ ደሴም ሄደህ መስታወት ውስጥ የተደረደረ ሽጉጥ አታገኝም። መለማመጃ ሜዳም የለም። የሚሸጥ ሰው ይኖራል፤ እሱ ግን ደረሰኝ አይሰጥህም፣ ዕቃው ከየት እንደመጣና ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ አይነግርህም። ያየኸው ቪዲዮም ቢሆን ከፊሉን ነው ያሳየህ። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለብህ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የብሬዲ ሕግ የገዢው ያለፈ ታሪክ እንዲጣራ ያስገድዳል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ደንብሌን በምትባል ከተማ 16 ሕፃናትና አንዲት መምህር ትምህርት ቤት ውስጥ ከተገደሉ በኋላ፣ በዓመቱ በግለሰብ እጅ ያለውን ሽጉጥ ከሞላ ጎደል ከልክላለች።

የእኛም አገር ሕግ አለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል፤ ያስቀጣል። ሕጋዊው መንገድ ፈቃድ መጠየቅ ነው እንጂ ጨለማ ለብሶ ከማይታወቅ ሰው መግዛት አይደለም።

እሺ፣ ሕጉ ይህ ነው። ልጁ የጠየቀው ግን የታሪክ መምህሩን ነውና ወደ ታሪክ ልግባ።

በዚህ አገር የአንዲት ሽጉጥ ነገር ሲነሳ ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የምትመጣው አንዷ ናት። እሷም የተተኮሰችው እዚሁ ወሎ ነው። እንግሊዝ በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላ ሲመጣ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ተደረገ። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው አዲሱን፣ ከኋላ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ነው፤ አባቶቻችን «ሰናድር» ያሉት እሱን ነው። የቴዎድሮስ ሰው በአብዛኛው ጦርና ጎራዴ፣ ካለውም በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ሃያ ያህል ሲሆኑ ከእነሱ የሞቱት ሁለት ናቸው። ጋፋት ላይ ተሠርቶ ያን ሁሉ ገደል እየተጎተተ የመጣው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ተቀምጧል።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የገደሉባት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ በስጦታ የላከችላቸው ነበረች። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪው ጸጥ ይላል። ጀግንነቱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን አስቡት፦ በታሪካችን ስሟ የገነነው ሽጉጥ ጠላት አልመለሰችም። የተተኮሰችው ባለቤቷ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ነገሥታት መሣሪያ ማሰባሰብ ዋና ሥራቸው ሆነ። «ሱቁ» የት ነበር ካላችሁኝ፣ ሱቁ ከታጁራና ከዘይላ የሚነሳ የግመል ቅፍለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሁለት ሺህ ያህል ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ገባ። ሊሸጥ ያሰበው ለንጉሥ ምኒልክ ነው። ምኒልክ ግን የዋዛ ገዢ አልነበሩም። ሐረርን ይዘው፣ እዚያ ያገኙትን መሣሪያ ይዘው ተመልሰዋል። ዋጋውን ቆረጡት፤ በዚያ ላይ የሞተው ሸሪኩ ዕዳ አለበት ተብሎ ከሒሳቡ ተቀነሰ። ምስኪኑ ራምቦ አትራፊ ሊሆን መጥቶ እያማረረ ወጣ። የመሣሪያ ገበያ ያኔም እንዲህ ነበር፦ የሚያተርፈው ጉልበት ያለው ነው።

በዚያ ዘመን ፈረንሳይ አዲሱን ለበል ጠመንጃ ስትታጠቅ ያሮጌው የግራ ጠመንጃ ወደ እኛ ጎረፈ። «ፉዚል ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ወሎ ውጫሌ ላይ ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ፈተና ላይ ያመለጣት ካለ አሁን ይናዘዝ! በዚያ ወዳጅነት ሰሞን ጣሊያን ራሷ ምኒልክን አስታጥቃ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ያ ሁሉ መሣሪያ ወራሪን መለሰ። የወሎ ፈረሰኛም በራስ ሚካኤል መሪነት እዚያ ነበረ።

እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይላል። በዓል ላይ እዚህ ላይ ነው የምናቆመው። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ሃያ ዓመት ልጨምር።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ሰገሌ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋ ጦር ገጠማቸው። ዐድዋ ላይ አብረው የተኮሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ሰገሌ ላይ እርስ በርስ ተኳኮሱ። ከሁለቱም ወገን ስንት ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ጠመንጃው ያው ጠመንጃ ነው። ዐድዋ ላይ ወደ ጣሊያን ዞሮ ነበር፣ ሰገሌ ላይ ወደ ወንድም ዞረ። ብረት ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የሚለየው የያዘው ሰው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚለየው አለቃው እንዳዘዘው ነው።

ለዚህ ነው በእኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ የሚከተለው፦ «የማን ነህ?» የድሮው ባለጠመንጃ መልስ ነበረው። የእገሌ አሽከር፣ የእገሌ ጦር ይላል። ጠመንጃው ከመሬት፣ ከግብርና ከዘመቻ ጋር የተያያዘ ነበር። ጠመንጃ መያዝ ማለት ክተት ሲባል መሄድ ማለት ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። አያቴ በንጉሡ ጊዜ በሬ ሸጦ ምንሽር ገዛ። አያቴ ስለ በሬው ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራ ነበር፤ ያ ዓመት በአንድ በሬ፣ በመቀናጆ እንደታረሰ እየነገረችን። ምንሽሩ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። የሚወርደው ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለፉከራ ነው። አገሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሲተኮስ ድምፁን ለይተው «የእገሌ ምንሽር ናት» ይላሉ። ከጎረቤት ጋር በወሰን ሲጣላ ሽማግሌ መጥቶ «በል ጠመንጃህን እኛ ጋ አስቀምጥ» ሲለው አስቀምጧል። መደበቅ አይችልማ! ቁመቱ የሰው ያህላል።

በ1977 ድርቁ ሲመጣ አባቴ ምንሽሩን ሸጠው። በእህል። እኔ አልተወለድሁም። ያ ጠመንጃ ያን ሁሉ ዓመት ተሰቅሎ ቤታችንን ከማንም አላዳነም፤ ያዳነን የተሸጠ ቀን ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ አያፍርም። አያቴ ግን፣ ወንዱ፣ እስኪሞት ምሰሶውን ቀና ብሎ ያይ ነበር አሉ። የሁለቱንም ስሜት እረዳለሁ።

ከዚያ 1983 መጣ። የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽ እንደ ማገዶ በየመንገዱ ተሸጠ። ከመቅደላ እስከ ሰገሌ የነገሥታት ሀብት የነበረው ነገር የማንም ሆነ። በእኛ ዘመን ደግሞ በኮንትሮባንድ የሚገባው «የቱርክ ሽጉጥ» መጣ። ኬላ ላይ ተያዘ የሚል ዜና ያልሰማ የለም። በእኔ ሐሳብ ትልቁ ለውጥ እዚህ ጋ ነው። ጠመንጃ የሚታይ ነገር ነበር፤ ሽጉጥ የሚደበቅ ነው። የሚታየውን ሽማግሌ ይዳኘዋል፣ ጎረቤት ይጠነቀቀዋል፣ እናት ታያለች። ጃኬት ሥር ያለውን ማን ይዳኘዋል? በእኛ ወሎ ደም ሲፈስ ደም የሚያደርቅ ሽምግልና አለን፣ አበጋር አለን። ሼሁም ቄሱም አብረው የሚቀመጡበት ነው። የዚያ ሽምግልና መሠረቱ ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ መታወቁ ነው። በማይታይ መሣሪያ፣ በማይታወቅ ሰው ለተገደለ ሰው ሽማግሌው የማንን በር ያንኳኳ?

ለተማሪዬ የመለስሁለት በአጭሩ ይህን ነው፦

ወንድሜ፣ ፈሪ አትሁን ልልህ አልችልም፤ እኔም እፈራለሁ። መንገዱ ሰላም ነው ብዬም አልዋሽህም። ግን ያቺን ሽጉጥ ወገብህ ላይ አድርገህ ስትወጣ የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ «የማን ነህ?» ትባላለህ። አያቴ መልስ ነበረው። አንተ «የማንም አይደለሁም፣ ፈርቼ ነው» ብትል ማን ያምንሃል? አንዱ የዚያኛው ነህ ይልሃል፣ ሌላው የዚህኛው ነህ ይልሃል። አጋቾች ቢመጡብህም አንድ ሆነው አይመጡም። ተኩሰህ በማታውቀው ሽጉጥ ከብዙ ክላሽ ጋር ልትገጥም ነው? ሽጉጥ እንዳለህ ከተወራ ደግሞ ራሷ ሽጉጧ ታስገድልሃለች፤ ሊወስዷት ይመጣሉ።

ብሩን አያቴ የሸጠውን በሬ ግዛበት አልሁት። ቀልድ አይደለም፤ በሬም፣ የልብስ ስፌት መኪናም፣ ለእህቱ መማሪያም ይሆናል። ካልቻለ ባንክ ይቀመጥ። ብቻህን አትጓዝ፣ በሌሊት አትውጣ፣ ብር እንዳለህ አታውራ። ይህ ጀግንነት አይመስልም፤ አውቃለሁ። ፉከራም አይወጣለትም።

መልእክቱን አንብቦታል፤ ምልክቷ ትታያለች። እስካሁን አልመለሰልኝም። ይህን ጽሑፍ ካየኸው፣ አብሽር፣ ደውልልኝ። ቡና እንጠጣና እንከራከር፤ ክፍል ውስጥ እንደለመድነው።

የከተማችንን የጎረቤት ስም አስቡት እስኪ፦ መካነ ሰላም። የሰላም ቦታ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምን ተመኝተው እንደነበር ግልጽ ነው። ለእኛ የተረፈን ምኞቱ ነው።

እናንተስ? የአያታችሁ ጠመንጃ መጨረሻው ምን ሆነ? ማን ገዛው፣ በምን ተሸጠ፣ ማንን አዳነ፣ ማንን ጎዳ? ጻፉልኝ። እነዚህ ታሪኮች መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም፤ ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ እንሰብስባቸው።

ሰላም ለወግዲ፣ ሰላም ለቦረና፣ ሰላም ለወሎ፣ ሰላም ለአገራችን።