በዕረፍት ሰዓት የገባ ሳይንስ

የጀርመኗ ሃሌ በዛለ ወንዝ ዳር የቆመች፣ ከጥንት ጀምሮ ጨው በማፍላት የታወቀች ከተማ ናት። በ1692 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አውጉስት ሄርማን ፍራንኬ የተባለ የሉተራን ቄስ ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ በነበረችው በግላውሃ ለደብር አገልጋይነት ተሾመ። ሥፍራዋ ድህነትና መጠጥ ቤት የበዛባት ነበረች። በ1695 በሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ አራት ታለርና ዐሥራ ስድስት ግሮሸን ቢያገኝ፣ በዚያው ገንዘብ መጻሕፍት ገዝቶ የድኾችን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት መኳንንትና ባለጸጎችም ልጆቻቸውን ይልኩለት ስለ ጀመሩ ለእነዚህ ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1702 የፕሩሲያ ንጉሥ ልዩ መብት የሰጠው ፔዳጎጊዩም ሬጊዩም የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይኸው ነው።

ፍራንኬ ያደገው በጎታ ነው። የጎታ ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ የሠሩት በጎታው መስፍን በኤርንስት ግዛት ነበረ። መስፍኑ ሕዝቡን በትምህርት ለማነጽ የተጋ ሰው ሲሆን፣ በ1657 ስለ ተፈጥሮ ነገሮች የሚያስተምር መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶቹ ታትሟል። የፍራንኬ አባት በ1666 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ጎታ የሄደው ይህንኑ መስፍን በሕግ ዐዋቂነት ሊያገለግል ነበረ። ስለዚህ ነገርን በዐይን አሳይቶ የማስተማር ሐሳብ በሃሌ ከባዶ መሬት የበቀለ አልነበረም።

በፔዳጎጊዩም ዋናው ትምህርት ሃይማኖትና ላቲን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ሳይንስ የገባው በሌላ በር ነው። ፒየቲስቶች የሚባሉት የፍራንኬ ወገኖች ሥራ ፈትነትን የኃጢአት እናት አድርገው ይመለከቱ ስለ ነበር ለልጆች ከንቱ ጨዋታን አይፈቅዱም ነበር። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ላቲን ሲያነበንብ የሚውል ልጅ አእምሮው እንደሚዝል ፍራንኬ አልሳተውም። መፍትሔው የዕረፍቱን ሰዓት በሚጠቅም ሥራ መሙላት ሆነ። ተማሪዎች በዚያ ሰዓት በቶርኖ እንጨት ይቀርጻሉ፣ መስተዋት ይሞርዳሉ፣ በካርቶን ልዩ ልዩ ቅርጽ ይሠራሉ፣ ሥዕል ይነድፋሉ፣ ከዋክብትን ይመለከታሉ፣ ሜዳው ሲለመልም ወጥተው ዕፀዋት ይለቅማሉ፣ ወደ ከተማው የእጅ ባለሙያዎች ዘንድ እየሄዱም ሥራቸውን ያያሉ። ቀጥቃጭና ሸማኔ በንቀት ስም ይጠራ በነበረበት አገር ላደገ አንባቢ፣ የመኳንንት ልጆች በቶርኖ ፊት መቆማቸው ብቻውን ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌንስ መሞረድ ምን ያህል ትምህርት እንደ ያዘ ማሰብ ይበቃል። ሠሪው ክብ የመስተዋት ቍራጭ ይዞ፣ ጎድጎድ ባለ የብረት ሳሕን ላይ በውኃና በአሸዋ እያሻ፣ አቅጣጫውን በየጊዜው ይለውጣል። አሸዋው እየደቀቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሌንሱ በለስላሳ ዱቄት ይወለወላል። እጅ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ምስሉ ይዛባል። ያን ጊዜ መምህሩ መቈጣት አያስፈልገውም፤ ጥፋቱን መስተዋቱ ራሱ ይመሰክራል። ሳሕኑ ይበልጥ በጎደጎደ መጠን ሌንሱ ብርሃንን በቅርብ እንደሚሰበስብ፣ ልጁ ሕጉን በመጽሐፍ ሳያነብ በመዳፉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሌላ የተፈጥሮና የጥበብ ዕቃዎች ስብስብ ነበረ። ፍራንኬ በ1698 ለብራንደንቡርጉ መስፍን ጽፎ ከበርሊን ግምጃ ቤት ትርፍ ዕቃ እንዲሰጠው ለመነ። በ1706 ትራንኬባር ከደረሱት ሚስዮናውያን ጀምሮም ከህንድ አያሌ ዕቃ ይላክ ነበር። ክሪስቶፍ ዜምለር የተባለ የሃሌ ቄስ ደግሞ ሁለት ታላላቅ የሰማይ አምሳያዎች ሠራ፤ አንዱ ምድርን፣ ሌላው ፀሐይን በመካከል ያደርጋል። ከ1736 እስከ 1741 ሠዓሊው ግሩንድለር ዕቃውን በየወገኑ ለይቶ በቀለም ባጌጡ ቁም ሣጥኖች አደራጀው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ፔዳጎጊዩም ከፍሎ ለሚማር ነበር። ዜምለር በ1708 ለድኾች ልጆች የሒሳብና የመካኒክ ትምህርት ቤት ከፍቶ በአምሳያዎች እያሳየ ማስተማር ቢጀምርም፣ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። በ1738 እንደ ገና ቢከፍተው በ1740 ከእርሱ ሞት ጋር ቀረ። የፍራንኬ ልበ ሰፊነትም ወሰን ነበረው። ልጆች ከዋክብትን እንዲመለከቱ የፈቀደው ሰው፣ የሒሳብና የፍልስፍና ፕሮፌሰሩን ክርስቲያን ቮልፍን ከተቃወሙት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበረ። በ1723 ንጉሡ ቮልፍ በ48 ሰዓት ውስጥ አገሩን እንዲለቅ፣ ባይለቅ በስቅላት እንዲቀጣ አዘዘ። እጅ ነገርን እንዲመረምር ሲፈቀድለት፣ ሐሳብ ግን የት እንደሚቆም ታዝዞለት ነበር ማለት ነው።

በዕረፍት ሰዓት የተያዘው ትምህርት መደበኛ ሰዓት ያገኘው ከፍራንኬ ሞት በኋላ ነው። ፍራንኬ በ1727 ሲሞት በትምህርት ቤቶቹ ከ2,000 በላይ ልጆች ይማሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዮሐን ዩሊዩስ ሄከር የተባለ ወጣት በፔዳጎጊዩም መምህር ሆኖ ገባ። በ1733 ስለ ዕፀዋት፣ በሚቀጥለው ዓመትም ስለ ሰው አካል መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ በበርሊን ቄስ ሆኖ ሳለ በ1747 ሬያልሹለ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ ሒሳብ፣ መካኒክና የተፈጥሮ ትምህርት እንደ ላቲን ሁሉ የየራሳቸው ክፍልና መምህር ነበራቸው። ስሙ ዜምለር በሃሌ ያወጣው ስም ነበረ።

የፍራንኬ ድርጅት በ1946 ሕጋዊ ህልውናውን አጥቶ ለሃሌ ዩኒቨርስቲ ተሰጠ፤ ከጀርመን ውሕደት በኋላ ግን እንደ ገና ተቋቋመ። ስብስቡም ታድሶ በ1995 ለሕዝብ ተከፈተ፤ የዜምለር ሁለቱ ሰማያትም በዚያው በቀድሞው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ጣሪያ ሥር ይታያሉ።